ከጭፍራ እስከ ዱብቲ፦ የወታደር ሕክምና መንገድ

ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን ሲደበድቡ የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት የአሜሪካ አድቬንቲስቶች ሆስፒታልም ከቦምቡ አላመለጠም። ከደሴ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ደጋውን ጨርሰው ሲወርዱ የሚያገኟት ጭፍራም የራሷ ኅዳር አላት። ለሳምንታት በሕወሓት ኃይሎች እጅ ከቆየች በኋላ መከላከያ ሠራዊቱና አብረውት የተሰለፉት የአፋር ተዋጊዎች ያስለቀቋት ኅዳር 19 ቀን 2014 ዓ.ም. ነው።

ስለ ጭፍራ ውጊያ ሲወራ ዘወትር የሚነሳው መንገዱ ነው። ከወልድያ በጭፍራ በኩል ወደ ሚሌ የሚወርደው መንገድ ከጅቡቲ አውራ ጎዳና ጋር ይገናኛል። ሚሌ ከተያዘች የአገሪቱ የገቢና የወጪ ንግድ ጉሮሮው ይታነቃል። ያ ሁሉ ደም የፈሰሰውም በዚሁ ምክንያት ነበር። ይኸው መንገድ ግን የቁስለኛም መንገድ ነው። ጭፍራና ካሳጊታ አካባቢ የተመታ ሰው ወደ ምሥራቅ ሚሌ ይደርሳል፣ ከሚሌ ወደ ሰሜን ታጥፎ ወደ ሰመራ ይሄዳል፣ ከሰመራ አጠገብ ደግሞ ዱብቲ ሆስፒታል አለ። የወታደር ሕክምና አደረጃጀት፣ ከነመዋቅሩ፣ ከነማዕረጉና ከነመመሪያው፣ በመጨረሻ የሚመዘነው በአንድ ጥያቄ ነው፤ ቁስለኛው ደሙ ሳያልቅ ከቀዶ ሐኪም እጅ ይገባል ወይስ አይገባም?

ለጥያቄው ቁጥር ያለው መልስ የሰጠው የአሜሪካ ጦር ነው። ከ2001 እስከ 2011 እ.ኤ.አ. በኢራቅና በአፍጋኒስታን ጦርነቶች የሞቱ 4,596 ወታደሮችን መዝገብ የመረመሩ ሐኪሞች፣ ከመቶ 87ቱ ያለፉት ሕክምና መስጫ ሳይደርሱ መሆኑን አረጋገጡ። ከእነዚህ ውስጥ አንድ አራተኛ የሚሆኑት ሊተርፉ ይችሉ ነበር። ሊተርፉ ይችሉ ከነበሩት ደግሞ ከአሥሩ ዘጠኙን የገደላቸው የደም መፍሰስ ነው። ይህ ሄሊኮፕተር በሽ በሽ ያለው ጦር ውጤት ነው። ሄሊኮፕተር በሌለበት፣ አስፋልት አንድ መስመር ብቻ በሆነበት፣ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት ቆላ የሚሆነውን መገመት አይከብድም።

የኢትዮጵያ መከላከያ ሕክምና አናቱ የመከላከያ ጤና ዋና መምሪያ ነው። ከታች በየክፍሉ ካለው የሕክምና ቡድን ይነሳና በክፍለ ጦርና በዕዝ አድርጎ አዲስ አበባ ይደርሳል። ጦር ኃይሎች ሆስፒታል የሰንሰለቱ ጫፍ ነው። ቤላ ሆስፒታልም አለ። ቢሾፍቱ ላይ የአየር ኃይል ሆስፒታል አለ። በየዕዙ መቀመጫ ደግሞ ደረጃ ሦስት የሚባሉት ሆስፒታሎች አሉ፤ ሐረር፣ ሐዋሳ፣ ባሕር ዳር፣ ከሰሜኑ ጦርነት በፊት ደግሞ መቐለ ስማቸው ይጠራል። መከላከያ ሐኪሞቹንና ነርሶቹን የሚያሠለጥንበት የራሱ የጤና ሳይንስ ኮሌጅም አለው።

የደረጃው አከፋፈል ሰላም በማስከበር የተሰማራ ወታደር ሁሉ የሚያውቀው ነው። በተባበሩት መንግሥታት መለኪያ ደረጃ አንድ በቀን 20 ያህል ተመላላሽ የሚያይ፣ 5 ሰው ለሁለት ቀን የሚያስተኛ፣ ነፍስ አድን ርዳታ ሰጥቶ የሚያሳልፍ ነው። ደረጃ ሁለት በቀን ሦስት አራት ቀዶ ሕክምና ያደርጋል፣ ከ10 እስከ 20 ሰው እስከ ሰባት ቀን ያስተኛል። ደረጃ ሦስት በቀን እስከ 10 ቀዶ ሕክምና የሚያካሂድ፣ 50 አልጋ ያለው፣ ስፔሻሊስቶች የተሟሉለት ነው። ኢትዮጵያ ከላይቤሪያ እስከ ዳርፉር፣ ከአብዬ እስከ ሶማሊያ ባሰማራቻቸው ኃይሎች ይህን አሠራር በተግባር ለምዳለች።

እዚህ ላይ ካርታውን ዘርግቶ ማየት ያስፈልጋል። የመከላከያ ሆስፒታሎቹ ያሉባቸው ከተሞች ሁሉ ደጋና ወይና ደጋ ናቸው። የአገሪቱ ጦርነቶች ግን ብዙ ጊዜ የተካሄዱት ከደጋው ጠርዝ በታች ነው፤ በኦጋዴን፣ በባድመ፣ በቡሬ ግንባር፣ በጭፍራ። ቁስለኛው ከቆላ ወደ ደጋ ዳገት እየወጣ ነው ሐኪም የሚያገኘው። የመዋቅሩ ትልቁ ችግር ይህ ነው፤ የሐኪም ቁጥር ወይም የመሣሪያ ጥራት ጥያቄ ሁሉ ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣ ነው።

ጥይት ብቻም አይደለም። የአዋሽ ሸለቆ ወታደርን ውጊያ ሳይኖርም ይጥላል። አዋሽ አርባ ላይ የሚሠለጥን፣ ሰመራ ዙሪያ የሚሰፍር ጦር ዋነኛ ጠላቶቹ ሙቀትና ወባ ናቸው። ወባው ደግሞ መልኩን ቀይሯል። በ2016 እ.ኤ.አ. ቀብሪ ደሀር ላይ መጀመሪያ የተገኘችው አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለች ትንኝ ከሁለት ዓመት በኋላ በተደረገ ቅኝት ሰመራ፣ ገዋኔና አዋሽ ሰባት ላይም ተገኝታለች። ይህች ትንኝ እንደ ነባሮቹ ረግረግና የዝናብ ኩሬ አትጠብቅም፤ ሮቶ፣ በርሜል፣ የግንባታ ውኃ ማጠራቀሚያ ይበቃታል። ዝናብ ሳይኖር በበጋም ትራባለች። ውኃ በቦቴ እየተቀዳ በታንከር የሚቀመጥበት የጦር ካምፕ ለእርሷ የተመቸ ቤት ነው። በ2015 ዓ.ም. ሎግያና ሚሌ ላይ የተነሳው የዴንጊ ወረርሽኝም የመጣው በተከማቸ ውኃ ከምትራባ ሌላ ትንኝ ነው። ስለዚህ በአፋር ለሚሰፍር ሻለቃ የታንከር ክዳን የሚቆጣጠር አንድ የአካባቢ ጤና ባለሙያ ከአንድ ቀዶ ሐኪም የማያንስ ዋጋ አለው። የመከላከል ሕክምና በወታደራዊ ሰልፍ ላይ አይታይም፣ ሜዳሊያም አያሸልምም። ጦር ሳይታመም የሚውለው ግን በእርሱ ነው።

የጥንቱን ታሪክ በአጭሩ ማለፍ ይቻላል። ከዓድዋ በፊት የቁስለኛ ሐኪም ወጌሻ ነበር፤ አጥንት ያቀናል፣ ጥይት ያወጣል፣ ቁስል ይተኩሳል። በ1888 ዓ.ም. ከድሉ በኋላ የሩስያ ቀይ መስቀል ቡድን በጄኔራል ሽቬዶቭ መሪነት መጣ። ጣሊያኖች በምጽዋ በኩል እንዳያልፍ ስለከለከሉት በጅቡቲና በሐረር ዞሮ አዲስ አበባ ገባ። የከፈተው ሆስፒታል ለዓመታት ሠርቷል። ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታልም የዚያ ሥራ ወራሽ ነው።

በዝርዝር መታየት ያለበት 1928 ዓ.ም. ነው። ስለ ሕክምና ቦታዎች ጥበቃ ዛሬም ድረስ ያልተዘጋው ክርክር የተጀመረው ያኔ ነውና።

ጣሊያን መረብን ለመሻገር ስትዘጋጅ የኢትዮጵያ ጦር ይህ ነው የሚባል የሕክምና ክፍል አልነበረውም። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የተመሠረተው ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም.፣ ወረራው ሊጀመር ሦስት ወር ሲቀረው ነው። አገሪቱ የጄኔቫን ስምምነት የተቀበለችውም በዚያው ወር ነበር። ከስዊድን፣ ከእንግሊዝ፣ ከኖርዌይ፣ ከሆላንድ፣ ከፊንላንድና ከግብፅ የሕክምና ቡድኖች መጡ። በዘመናዊ ሕክምና የሠለጠኑት የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ያኔ ለንደን ላይ የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆነው ለአገራቸው ርዳታ ይጠይቁ ነበር። የእንግሊዙን ቡድን የመራው ወጣቱ ቀዶ ሐኪም ጆን ሜሊ ነው።

ደሴ ከተደበደበች ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን፣ በደቡብ ግንባር ከራስ ደስታ ዳምጠው ጦር ጋር የነበረው የስዊድን አምቡላንስ መልካ ዲዳ ላይ ተመታ። መሪው ዶክተር ፍሪደ ሂላንደር ቆሰለ፣ ጉናር ሉንድስትሮም የተባለው ባልደረባው ሞተ፣ ተኝተው የነበሩ ኢትዮጵያውያን ቁስለኞች በአልጋቸው ላይ አለቁ። የካቲት 25 ቀን ደግሞ ኮረም አካባቢ የሜሊ ቡድን ድንኳን ተራው ደረሰው። ሜሊ ራሱ ከቦምቡ ተርፎ፣ በሚያዝያ መጨረሻ አዲስ አበባ ስትዘረፍ ቁስለኛ ሲያነሳ በጥይት ተመትቶ ሞተ።

ጣሊያን ምክንያት አቀረበች። ኢትዮጵያውያን የቀይ መስቀሉን ምልክት ለወታደርና ለጥይት መሸሸጊያ ያደርጉታል አለች፣ ደገሃቡር ላይ የተገደለውን ፓይለቷን ቲቶ ሚኒቲንም ለበቀሉ ምክንያት አደረገች። የምልክቱ አጠቃቀም ላይ ስሕተት አልነበረም ማለት አይቻልም፤ ከወረራው ሦስት ወር በፊት የተቋቋመ ማኅበር መላውን የዘመቻ ጦር የጄኔቫን ሕግ ሊያስተምር አይችልም ነበር። ግን ሕጉ ራሱ ግልጽ ነበር፤ የሕክምና ቦታ ጥበቃውን የሚያጣው ጠላትን ለመጉዳት ሲውል ብቻ ነው። በአልጋ የተኛ ቁስለኛ ማንን ይጎዳል? ለአንድ ፓይለት ሞት ከእርሱ ጋር ግንኙነት የሌለውን የስዊድን ሐኪም ድንኳን መደብደብስ በየትኛው ሕግ ይደገፋል?

ሌላው ክርክር ጄኔቫ ያለው ዓለም አቀፍ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ላይ ነው። ሲድኒ ብራውንና ማርሴል ዡኖ የተባሉት ልዑካኑ ያዩትን ጽፈዋል፤ ዡኖ የሰናፍጭ ጋዝ ያቃጠላቸውን ሰዎች በዓይኑ አይቷል። ኮሚቴው ግን ጣሊያንን በአደባባይ አላወገዘም። ራይነር ባውደንዲስቴል በ2006 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ጥንቃቄ በኮሚቴው መዛግብት እያገላበጠ መርምሮታል። ለኮሚቴው የሚከራከሩ ሰዎች፣ ዝም ያለው ከሁለቱም ወገን ጋር መሥራት እንዲችል ነው ይላሉ። ይህ መከራከሪያ ክብደት የሚኖረው ዝምታው አንድ ቁስለኛ እንኳ ቢያድን ነበር። ኮሚቴው በጣሊያን ወገን ምንም ማድረግ አልቻለም፣ በኢትዮጵያም ወገን ድብደባው አልቆመም።

ከ1928 ዓ.ም. ሌላም ትምህርት አለ፤ ስለ አደረጃጀት። የውጭዎቹ ቡድኖች ጥሩ ሐኪሞችና ጥሩ መኪናዎች ነበሯቸው። ከጦሩ ግንባር እስከ ድንኳናቸው ግን ሰንሰለት አልነበረም። በቃሬዛ የሚያነሳ የሠለጠነ ሰው የለም፣ ደም የሚያቆም የለም፤ መራመድ የቻለ ራሱ ሄደ፣ ያልቻለውን ዘመዱ ተሸከመው፣ ዘመድ ያልነበረው ቀረ። ሜሊና ሂላንደር የሚያክሟቸው በራሳቸው ጉልበት ወይም በዘመድ ትከሻ የደረሱትን ነበር።

ኢትዮጵያዊ ወታደር የተሟላ ሰንሰለት ያየው ኮሪያ ላይ ነው። በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. መጨረሻ ፑሳን የደረሰው የቃኘው ሻለቃና ተተኪዎቹ ከአሜሪካ 7ኛ ክፍለ ጦር ጋር ተሰልፈው ተዋጉ። 121 ሰው ሞተ፣ 536 ቆሰለ። ከግንባር በቅርብ ርቀት የተተከሉት ተንቀሳቃሽ የቀዶ ሕክምና ሆስፒታሎችና ቁስለኛ የሚያነሱት ሄሊኮፕተሮች የዚያ ጦርነት አዲስ ነገሮች ነበሩ፤ ከኋላም ትላልቅ ሆስፒታሎች ይጠብቁ ነበር። ኢትዮጵያውያኑም እኩል ታከሙበት። ያንን አሠራር ያዩ መኮንኖች ወደ አገር ሲመለሱ ግን ክብር ዘበኛ በራሱ ሆስፒታል፣ ምድር ጦር በራሱ፣ ፖሊስም በራሱ ሆስፒታል ነበር የሚታከመው። ግንባር ላይ የነበረው ድሬሰር ነው።

ተቃራኒው ምሳሌ በኋላ በኤርትራው ጦርነት በሌላኛው ወገን ምሽግ ውስጥ ይገኛል። ሻዕቢያ ሳሕል በረሃ፣ ኦሮታ ላይ፣ በሸለቆው ግራና ቀኝ ተራራ ቦርቡሮ፣ ከአውሮፕላን ዓይን በዛፍና በአፈር ሸፍኖ ኪሎ ሜትሮች የሚረዝም ሆስፒታል ሠራ። መድኃኒት እዚያው ያመርት ነበር፣ ከገበሬና ከተማሪ የወጡ ታጋዮችን ለግንባር ሕክምና ያሠለጥን ነበር። የደርግ ጦር በመሣሪያም በሐኪም ቁጥርም ይበልጠው ነበር። የኦሮታ ብልጫ ሆስፒታሉን ከግንባሩ ጋር አጣብቆ ማስቀመጡ ነው። በዚያ ጦርነት በየትኛውም ወገን ለተሰለፈ ኢትዮጵያዊ ይህን ማመስገን ሊከብደው ይችላል፤ ለወታደራዊ ሐኪም ግን ከኦሮታ የሚበልጥ ትምህርት ቤት በአፍሪካ ቀንድ የለም።

ሌሎቹ ዘርፎች እዚህ በቅርንጫፍ በቅርንጫፍ አይታዩም፤ የጥርስ ሕክምናው፣ የመድኃኒት ግዥው፣ የቦርድ ምርመራው ለሌላ ጊዜ ይቆዩ። አንዱ ግን መነሳት አለበት። በኢትዮ ኤርትራ ጦርነት ዘመን የተመዘገቡ 72,000 ምልምል ወታደሮች ለኤችአይቪ ተመርምረው ነበር። በ2003 እ.ኤ.አ. በታተመው ውጤት መሠረት ከከተማ ከመጡት 7.2 በመቶ፣ ከገጠር ከመጡት 3.8 በመቶ ቫይረሱ በደማቸው ተገኝቷል። ስለ ኢትዮጵያ ገጠር ወንዶች በዚያ ስፋት የተሰበሰበ መረጃ ከዚያ በፊት አልነበረም። የወታደር ጤና ክፍል ለራሱ ሲል የሠራው ምርመራ የአገሪቱን በሽታ ገለጠ።

ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በሰሜኑ ጦርነት የሆነው ከ1928ቱ ጋር ቢነጻጸር ልብ ይሰብራል። አጥቂውም ተጠቂውም በአብዛኛው የአንድ አገር ልጅ ነውና። ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድን በመጋቢት 2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው መግለጫ፣ በትግራይ ከጎበኛቸው 106 የጤና ተቋማት በአግባቡ የሚሠሩት 13 በመቶ ብቻ እንደነበሩ፣ 70 በመቶ ያህሉ እንደተዘረፉ፣ ከአምስቱ አንዱም በወታደሮች ተይዞ እንደነበር ገልጿል። ጦርነቱ ወደ አማራና አፋር ሲዞር የደሴና የወልድያ ሆስፒታሎች ተዘረፉ። ሐምሌ 29 ቀን 2013 ዓ.ም. ደግሞ አፋር ውስጥ ጋሊኮማ ላይ ተፈናቃዮች የተጠለሉበት ጤና ጣቢያና ትምህርት ቤት ተመታ፤ የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት ድርጅት ከመቶ በላይ ሕፃናት መሞታቸውን የሚገልጽ ሪፖርት እንደደረሰው አስታወቀ። ኢትዮጵያ በ1969 እ.ኤ.አ. ያጸደቀቻቸው አራቱ የጄኔቫ ስምምነቶችና በ1994 እ.ኤ.አ. ያጸደቀቻቸው ተጨማሪ ፕሮቶኮሎች ወረቀቱ ላይ ሙሉ ናቸው። የጎደለው ሻምበሉና ሃምሳ አለቃው ጤና ጣቢያን ካምፕ ማድረግ ወንጀል መሆኑን ማወቃቸው፣ ያደረገውም መጠየቁ ነው።

በዚያው ጦርነት ቁስለኛውን የተሸከመው በአብዛኛው የሲቪሉ ሆስፒታል ነበር። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የሠራዊቱን ቁስለኞች ተቀበለ፣ መቐለ ላይ ዓይደር ሆስፒታል መድኃኒት እስኪያልቅበት ሠራ። በአፋር ሸክሙ በዱብቲ ላይ ወደቀ። ከሚሊዮን በላይ ለሆነ ሕዝብ በሪፈራል ደረጃ የሚያገለግለው ብቸኛው ሆስፒታል ዱብቲ ነበር። በ2014 ዓ.ም. በከባድ መሣሪያ የቆሰሉ ሕፃናት፣ ከየወረዳው የተፈናቀሉ እናቶችና በምግብ እጥረት የከሱ ጨቅላዎች አንድ ግቢ ውስጥ ተጨናንቀው ነበር።

ወታደራዊ ሕክምና ከሲቪሉ ተነጥሎ ይቁም ወይስ ይቀላቀል የሚለው ክርክር ከዚህ ይነሳል። ይነጠል የሚሉት ዲሲፕሊኑን፣ ምስጢሩን፣ በአንድ ትእዛዝ ድንኳን ነቅሎ መንቀሳቀሱን ይጠቅሳሉ፤ እውነት አላቸው፣ ግንባር ላይ ያለው ክፍል ወታደር መሆን አለበት። በሰላም ጊዜ ግን የዕዝ ሆስፒታል ቀዶ ሐኪም በዓመት የሚያየው የጥይት ቁስል ጥቂት ነው፣ እጁ ይደንዛል። የሲቪሉ ሆስፒታል በየቀኑ የመኪና አደጋ ይቀበላል፤ የአዋሽ ሚሌ መስመር ከባድ መኪናዎች ብቻ ዱብቲን ሥራ አያስፈቱትም። አንዳንዶች ወታደር የሚታከምበት የሲቪል ሆስፒታል ዒላማ ይሆናል ብለው ይሰጋሉ። ስጋቱ በተግባር ተገቢ ነው፤ በሕግ ግን አራተኛው የጄኔቫ ስምምነት በአንቀጽ 19 ዘግቶታል፤ የቆሰለ ወታደር በሲቪል ሆስፒታል መታከሙ ሆስፒታሉን ጥበቃ አያሳጣውም።

ደምም አለ። የብሔራዊ የደም ባንክ በ1969 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ተቋቁሞ በ2012 እ.ኤ.አ. ወደ ጤና ሚኒስቴር ተዛውሯል። ቀይ የደም ሕዋስ በቅዝቃዜ የሚቆየው ለሳምንታት ብቻ ነው፤ መብራት በተቋረጠ ቁጥር በሰመራ ሙቀት ያ ዕድሜ አደጋ ላይ ይወድቃል። ቃሬዛ፣ ሐኪምና መንገድ ቢሟሉ እንኳ ደም ከሌለ ቀዶ ሕክምናው አይጀመርም።

የጥቅምት 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያ ስምምነት ተኩሱን አቁሟል፤ ሸክሙ ግን አልወረደም። የብሔራዊ ተሐድሶ ኮሚሽን መልሶ ሊያቋቁማቸው ያቀደው የቀድሞ ተዋጊዎች ቁጥር 371,971 ነው፤ ሥራውም በኅዳር 2017 ዓ.ም. መቐለ ላይ ተጀምሯል። ከእነዚህ መካከል እጅና እግር ያጡት፣ ጥይት በሰውነታቸው ይዘው የሚሄዱት፣ ሌሊት እንቅልፍ የሌላቸው የማን ታካሚዎች ናቸው? መለዮ አውልቀዋልና መከላከያ ሆስፒታል አይገቡም፤ መንደራቸው ያለው ጤና ጣቢያ ደግሞ ሰው ሠራሽ እግር የለውም። በ1983 ዓ.ም. ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ የደርግ ሠራዊት ሲበተን የተፈጠረው ይኸው ክፍተት ነበር፤ ያን ጊዜ ያልታከሙ የጦር ጉዳተኞች ዕድሜ ልካቸውን በየከተማው ሲለምኑ ታይተዋል።

ስለዚህ የመከላከያ ጤና ዋና መምሪያ፣ ጤና ሚኒስቴርና የአፋር ክልል ጤና ቢሮ ዱብቲ ላይ በጽሑፍ መስማማት አለባቸው። በሰላም ጊዜ የመከላከያ ቀዶ ሐኪሞችና የሰመመን ባለሙያዎች እዚያ በተራ ይሥሩ፣ የደም ክምችቱ በራሱ መብራት ይጠበቅ፣ ከጭፍራ እስከ ሚሌ ባሉ ጤና ጣቢያዎች ያሉ ነርሶች ደም ማቆምን ከወታደሩ ጋር አብረው ይሠልጥኑ፣ የቀድሞ ተዋጊም መለዮ ኖረውም አልኖረውም በዚያው በር ይግባ። ሐኪሙም አለ፣ ሆስፒታሉም አለ፣ መንገዱም አለ፤ የሚቀረው ፊርማ ነው፣ እርሱም የሚፈረመው ሰላም ሳለ ነው።